ለማይመነዘር ሀብት የቀረበ ጥብቅና

ፖከር ከተፈጠረ ጀምሮ አንድ ነውር ነበረበት፤ የሚችል ሰው ያሸንፍበት ነበር። አንድ ምሽት ዕድል ሊከዳው ይችላል፣ ሳምንቱን ሙሉም ካርታው እንቢ ሊለው ይችላል። ዓመቱ ሞልቶ ሒሳብ ሲተሳሰብ ግን ገንዘቡ የሚገኘው ካርታ በሚያነብ፣ ሰው በሚያጠና፣ ንዴቱን በሚውጥ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሌላው፣ ማለትም አብዛኛው የሰው ልጅ፣ ተበልቶ ይነሣል። ይህ ዓይን ያወጣ አድልዎ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቶ ፈውስ ያገኘው በእኛ ዘመን ነው። ፈውሱን ያመጡት የሥነ ምግባር ሊቃውንት አይደሉም፤ የሞባይል ጨዋታ ነጋዴዎች ናቸው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የተሸነፈ ሰው ስልኩን አንድ ጊዜ ነካ ያደርግና ያልተሸነፈ ይሆናል።

ሥርዓቱ ስሙ ሲጠፋ ኖሯል። «ከፍሎ ማሸነፍ ነው» ይሉታል። ሐሰት ነው፤ ከፋዩ አያሸንፍም። ከፋዩ የሚገዛው ድል ሳይሆን ሽንፈቱን ለነገ የማሳደር መብት ነው፤ ይህንንም ቢሆን የሚገዛው በደረሰኝ ነው። እስካሁን ለእሱ የቆመ ሰው ስላላየሁ፣ ጥብቅናውን ያለ ክፍያ እኔ ይዤዋለሁ።

የድሮው ሥርዓት ምን ያህል አደገኛ እንደነበረ ለመረዳት እ.ኤ.አ. 2003ን ማስታወስ ይበቃል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በላስ ቬጋስ የሚካሄደው የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር መግቢያው 10 ሺህ ዶላር ነው፤ ባለጸጋን ከተራው ሰው የሚለይ ደህና አጥር። ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ (ስሙ እውነተኛ ስሙ ነው) በኢንተርኔት በተደረገ ማጣሪያ 86 ዶላር ከፍሎ አጥሩን ዘለለው። 839 ተወዳዳሪዎች ከተሰለፉበት ውድድር እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ በዚያም ሳሚ ፋርሃ የተባለውን ስመ ጥር ቁማርተኛ፣ እጁ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ አስፈራርቶ ካርታውን አስጣለው። ከዚያም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የጉዳቱ መጠን ይታሰብ። በማግስቱ በዓለም ዙሪያ 86 ዶላር ያለው ሰው ሁሉ «እኔስ ምን ይሳነኛል» ማለት ጀመረ። ተስፋ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ዛሬ በስልካችን ላይ ባለው ፖከር ግን እንዲህ ያለ አደጋ ከቶ ሊደርስ አይችልም። 86 ዶላር ቺፖች፣ ማለትም የጨዋታውን መወራረጃዎች፣ ይገዛል፤ ቺፖቹ ሌሎች ቺፖችን ያሸንፋሉ፤ ያሸነፉት ደግሞ ወደ ገንዘብ አይመነዘሩም። ማንም ምንም ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጨዋታው የሚጀመረውም የሚያልቀውም ሶፋ ላይ ስለሆነ፣ ሲጀመር የሚሄድበት ቤትም የለም።

የዚህ ሥልጣኔ ታሪክ አጭር ነው። ዚንጋ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በ2007 ፌስቡክ ላይ ፖከር ከፈተ፤ በኋላም ወደ ስልክ አሻገረው። ስሙን የወሰደው ከመሥራቹ ከማርክ ፒንከስ ውሻ ነው፤ ስለ ታማኝነቱ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላቀርብም። አፕል ደግሞ በ2009 በመተግበሪያ ውስጥ መግዛትን ፈቀደ። መጀመሪያ የተፈቀደው በገንዘብ ለሚሸጡ መተግበሪያዎች ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በነጻ ለሚታደሉትም ተፈቀደ። ትልቁ ቀን ያ ነው። ከዚያ ወዲህ «ነጻ» የተባለ ነገር ያለ ገደብ ሊያስከፍል ቻለ። አፕልም ከግዢው በአብዛኛው 30 በመቶ፣ ከትናንሾቹ ነጋዴዎች ደግሞ ከ2021 ጀምሮ 15 በመቶ ይወስዳል። ጠረጴዛው ላይ አልተቀመጠም፣ ካርታ አልያዘም፣ አንድም እጅ ተሸንፎ አያውቅም። ፖከር ተጫውቶ የማያውቅ ታላቅ የፖከር ተጫዋች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሥርዓቱን ርኅራኄ ለማየት ቺፕ ያለቀበትን ሰው ስልክ በቅርብ መመልከት ያሻል። በእውነተኛው ቁማር ቤት የተበላ ሰው ወንበሩን ለሌላ ይለቃል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እዚህ ግን መላው ጠረጴዛ ለክብሩ ይደበዝዛል። መሐል ላይ ዳር ዳሩ ወርቅ የሆነ ሣጥን ብቅ ይላል፤ ክዳኑ ይከፈትና ብርሃን ይፈነጥቃል። የቀድሞው ዋጋ በቀይ መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ አዲሱ ዋጋ፣ ከአጠገቡም ስንት እጥፍ ተጨማሪ ቺፕ እንደተመረቀለት ተጽፏል። ከላይ «ለእርስዎ ብቻ» ይላል። ከታች ሰዓት ይቆጥራል፤ 14፡59፣ 14፡58፣ 14፡57። ለምን እንደሚቆጥር አይነገርም፤ ቺፕ የሚበላሽ ዕቃ አይደለም። የመዝጊያዋ ምልክት በላይኛው ጥግ ላይ፣ በግራጫ መደብ ላይ በግራጫ ቀለም ተቀምጣለች፤ አጣናት የሚሉ ሰዎች የዓይን ሐኪም ጋ ቢሄዱ መልካም ነው። አግኝቶ የዘጋት ሰውም አይቀጣም። እንዲያውም ሁለተኛ ሣጥን፣ ከፊተኛው በረከስ ባለ ዋጋ፣ ይመጣለታል። ጨክኖ እንቢ ያለውን ሰው ዋጋ ቀንሶ የሚለማመጥ ነጋዴ በመርካቶም አለ፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት ግን አይገኝም።

ለመክፈል ስልኩን ፊት ለፊት ማየት ይበቃል፤ ስልኩ ፊትዎን ያውቅና ባንክዎን ያዝዝልዎታል። ይህች ነጥብ ልዩ ትኩረት ይገባታል። በጥንቱ ፖከር ሙያ የሚባለው ፊትን መደበቅ ነበር። ሰዎች ጥቁር መነጽር ያደርጉ፣ ኮፍያ ይደፉ፣ አንገታቸውን በሻርፕ ይጠቀልሉ ነበር። አሁን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ፊቱን በግልጽ ያሳየ ሰው ጨዋታውን ይቀጥላል።

ወደ ዋናው መቃወሚያ ልምጣ። «ገንዘብ ያለው ተጫዋች ውድድሩን ያበላሻል» ይባላል። እስቲ ምን እንደሚሸጥ በሕግ ዓይን እንመርምር። ጨዋታው አስ አይሸጥም። ቴክሳስ ሆልደም በተባለው የፖከር ዓይነት ሁለት አስ በእጅ የሚገባው በአማካይ ከ221 አንድ ጊዜ ነው፤ ይህም ለከፋዩም ለማይከፍለውም እኩል ነው። ቺፕ የተቆለለለት ሰውም በክምሩ ብዛት ጎረቤቱን አይደፈጥጥም፤ አንድ እጅ ላይ የሚወራረደው የሁለቱ ትንሹ ያለውን ያህል ብቻ ነው። እስካሁን ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ካርታው ከተገለጠ በኋላ ነው።

አንዱ ሁለት አስ ይዟል እንበል፤ ሌላው ሰባትና ሁለት፣ የተለያየ ምልክት፣ ማለትም ከመነሻ እጆች ሁሉ የመጨረሻው ውዳቂ የሚባለውን። ባለ ሰባቱ ያለውን ሁሉ ገፋ። ባለ አሱ ተቀበለ። ከመቶ 87 ጊዜ ያህል አሶቹ ያሸንፋሉ፤ አሸነፉም እንበል። በድሮው ሥርዓት ባለ ሰባቱ በዚህ ይማራል፤ ወይም ይደኸያል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ይሆናል። በአዲሱ ሥርዓት ሣጥኑ ይከፈታል፣ ፊቱን ያሳያል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ሁሉንም ይገፋል። ካርታው አልተለወጠም፣ ስሌቱም አልተሰረዘም፤ ስሌቱ የሚያስፈራው ሰው ብቻ ጠፋ። ፖከር ከሌላው ቁማር የሚለየው በፍርሃት ነበር። ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራት የሚሠራው የሚፈራ ሰው ሲኖር ነው፤ መኒሜከር ፋርሃን ያስጣለው ፋርሃ የሚያጣው ነገር ስለነበረው ነው። የባንክ ካርዱን ስልኩ ላይ ያስመዘገበን ሰው በምን ታስፈራራዋለህ? ስለዚህ ማስፈራራት ቀረ። ማንም ስለማይፈራ የሚያስፈራራ የለም፤ የሚያስፈራራ ስለሌለም የሚዋሽ የለም። ስብከትና ሕግ ተባብረው ከቁማር ጠረጴዛ ያላስወጡትን ውሸት በጥቂት ዶላር ያስወጣ ሥርዓት እንዴት ይነቀፋል?

ከታችኛው ጠረጴዛ የሚሰማውን ሐሜትም አውቃለሁ። እዚያ የሚጫወተው በነጻ ቺፕ ነው። ጨዋታው በየቀኑ ዕድል የምታዞርበት መንኮራኩር ይሰጥሃል፣ በየጊዜው ስጦታ ይለቅቅልሃል። ቺፑ ከሰማይ ስለወረደ ከጠረጴዛው ግማሹ ካርታውን ሳያይ «ኦል ኢን» ብሎ ሁሉንም ይገፋል። ይህ ጅልነት አይደለም፤ ዋጋ በሌለው ነገር ላይ መጨነቅ ነው ጅልነት። በዚህ ሁከት መካከል አንድ ሰው ብቻ ካርታውን ይጥላል፣ ይጠብቃል፣ ያስባል፣ ጥፍሩን ይበላል። ያ ሰው ትናንት ማታ የከፈለው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እውነተኛ ፖከር የሚጫወተው የገዛው ብቻ ነው። ግዢ ውድድርን ገደለ የሚሉ ሰዎች ከግዢ በፊት ውድድር የሚባል ነገር እንዳልነበረ ረስተዋል። ያ የሚያስበው ሰው በሰባትና በሁለት ተመትቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባዶውን መቅረቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ማሰብ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ማንም አልካደም።

ይህ ከፋይ በልምዱ ተምሮ ወደ ላይኛው ጠረጴዛ ይወጣል። እዚያ ለመቀመጥ በሚሊዮን፣ ከዚያም በላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ቺፕ ያስፈልጋል። በ2003 የፈረሰው አጥር፣ በጌጥ ሆኖ፣ ተመልሶ ተተክሏል። ላይ የሚጠብቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ እንደ እሱ የገዛ ነው። ሁለተኛው አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ፣ ከነጻው ቺፕ ተነሥቶ፣ ዓመታት ሲለቅም የኖረ ጎበዝ ነው። ጎበዙ ገዢውን ይበላዋል። በቀስታ፣ ያለ ርኅራኄ፣ ልክ እንደ ድሮው ሥርዓት። «አየህ፣ ችሎታ አልሞተም!» የሚል ቢኖር ግን ይታገሥ። ገዢው ባዶውን ሲቀር ምን ያደርጋል? ይገዛል። ስለዚህ ጎበዙ በበላ ቁጥር የሚጠቀመው ሻጩ ነው። በዓለም ላይ ደመወዝ የማይከፈለው፣ የትርፍ ሰዓት የማይጠይቅ፣ ራሱን አሸናፊ ነኝ ብሎ የሚያምን ቀረጥ ሰብሳቢ የተገኘው እዚህ ብቻ ነው። የሚሰበስበው ቺፕ እጁ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም የትም ሊሄድ አይችልም። ቁጥሩ ሲያድግ ስሙ ዙሪያ ክፈፍ ይደረግለታል። አንዳንዴም የተሸነፈው ሰው የማይጠጣ መጠጥ ይልክለታል፤ ብርጭቆው ከፎቶው አጠገብ ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጎድል ያድራል።

ቺፕ የሚያትመው ሻጩ ራሱ ስለሆነ ዜሮው በየጊዜው ይረዝማል። ትናንት ሺህ ያስገርም የነበረበት ቦታ ዛሬ ቢሊዮን ያስጠይፋል። የዋጋ ንረት ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆን አልፈዋለሁ።

ስለ ከፋዮቹ ቁጥር ግን ማለፍ አልችልም። ስውርቭ የተባለ የጨዋታ መረጃ ተንታኝ ድርጅት በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ከሞባይል ጨዋታዎች የውስጥ ግዢ ገቢ ግማሹ የሚመጣው ከተጫዋቾቹ 0.15 በመቶ ከሚሆኑት ነው ብሎ ነበር። ይህ ማለት ከ10 ሺህ ሰው 15ቱ ድግሱን ግማሽ ችለውታል። ለእነዚህ 15 ሰዎች ኢንዱስትሪው ያወጣላቸው የማዕረግ ስም «ዓሣ ነባሪ» ነው። አንዳንዶች ስድብ ይመስላቸዋል። ዓሣ ነባሪ ትልቅ፣ ብርቅና ሕግ የሚጠብቀው ፍጥረት ነው፤ ጥበቃው የመጣለት ግን ለመብራት ዘይቱ ሲባል ለረጅም ዘመን ከታደነ በኋላ ነው። በአንዳንድ ጨዋታዎች ትልቅ ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው የግል አስተናጋጅ ይመደብለታል። በስሙ ይጠራዋል፣ ሰላም ይለዋል፣ ሁለት ቀን ከጠፋም «ምነው ጠፉሳ?» ይለዋል። ስንት ዘመድ አለ እንዲህ የሚጠይቅ? የሚወደውን ሰው ወር ሙሉ ሳይደውልለት የሚከርም ሁሉ፣ ይህን አገልግሎት ከመንቀፉ በፊት ስልኩን አንሥቶ ቢደውል ይሻላል።

ሊግ የሚባለውም የ15ቱ ጉዳይ ነው። ደረጃው የሚወጣው በሳምንቱ ማን ብዙ ቺፕ ሰበሰበ በሚል ነው። ብዙ ቺፕ ለመሰብሰብ በትልቅ ጠረጴዛ መጫወት፣ በትልቅ ጠረጴዛ ለመጫወት ብዙ ቺፕ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል እንዲህ ቃል በቃል የተፈጸመበት ሌላ ቦታ አላውቅም። የውድድሩ መዝጊያ ሰዓት ሲቃረብ አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ሰዎች እንቅልፍ የላቸውም። አንደኛው ጥቅል ይገዛል፤ ሁለተኛው ይህን ሲያይ ይገዛል። እርስ በርስ የሚገናኙት በካርታ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። በዚህም ፖከር ከእድፍ ሁሉ ጸድቶ፣ ካርታ የሚባለው አላስፈላጊ ደረጃ ቀርቶለት፣ ገንዘብ ከገንዘብ ጋር በቀጥታ የሚወዳደርበት ንጹሕ ስፖርት ሆኗል።

አሁን ወደ ፍርድ ቤት እንግባ፤ የዚህ ሀብት ክብር በሚገባ የተገለጠው እዚያ ነው። የአገልግሎት ውሉ ግልጽ ነው። ቺፑ የተጫዋቹ ንብረት አይደለም፣ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው፣ የገንዘብ ዋጋ የለውም፣ አይመነዘርም፣ አይመለስም። ማንም ሳያነብ «እስማማለሁ» ይላል። ከዚያ በ2009 አንድ እንግሊዛዊ ወጣት የዚንጋን ኮምፒውተር ሰብሮ ገባና 400 ቢሊዮን ቺፕ ሰረቀ። በውሉ መሠረት የሰረቀው 400 ቢሊዮን ጊዜ ምንም ነው። ኩባንያውም ያን ያህል ቺፕ ከቁርስ በፊት እንደገና መፍጠር ይችል ነበር። ቢሆንም ዋጋው 12 ሚሊዮን ዶላር ነው ተባለ፤ ሰውየውም በ2011 በኤክሰተር ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሲሦውን ያህል በጥቁር ገበያ ሸጦ ከ53 ሺህ ፓውንድ በላይ አግኝቶ ነበር። እኔ በዚህ ቅራኔ አላይም። ቺፑ በገዢው እጅ ሲሆን ምንም ነው፤ በሌባው እጅ ሲሆን 12 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋጋውን ለማሳደግ ወንጀል መሥራት የሚጠይቅ ንብረት ብርቅ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተወሳሰበ። በሜሪላንድ አንዲት ተጫዋች፣ በሌላ የሞባይል ጨዋታ ውስጥ ባለ ቁማር የሚመስል መንኮራኩር ገንዘቤ ጠፋ ብላ ከሰሰች፤ የአራተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ገንዘብ አላጣሽም አላት። በዓመቱ፣ በማርች 2018፣ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ ቢግ ፊሽ ካሲኖ ስለተባለ ጨዋታ ቺፕ ሲወስን፣ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ቺፑ «ዋጋ ያለው ነገር» ነው አለ። (ዘመዶቻችን በብዛት ያሉበት ዋሽንግተን አይደለም፤ ሲያትል ያለበቱ ነው።) ምክንያቱ ያስደምማል። የግዛቲቱ ሕግ ዋጋ ያለው ነገር የሚለው ገንዘብንና ዕቃን ብቻ አይደለም፤ ሳይከፍሉ መጫወትን የመቀጠል መብትንም ይጨምራል። የቢግ ፊሽ ከሳሽ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ቺፕ ገዝታ ተበልታ ነበር፤ ቺፑ ደግሞ መጫወት ለማስቀጠል ያገለግላል፤ ስለዚህ ዋጋ አለው። ዳኞቹ ነቀፋ ያቀረቡ መስሏቸው የምርቱን ምርጥ ማስታወቂያ ጻፉ። የድሉ ሽልማት መቀጠል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። የቢግ ፊሽ ጉዳይ በ2020 በ155 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ደብልዳውን የተባለው የካሲኖ ጨዋታ ክስ ደግሞ በ2022 በ415 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። አይመነዘርም የተባለው ቺፕ ወደ ጥሬ ዶላር ተመነዘረ፤ የምንዛሪው መስኮት ፍርድ ቤት ሆነ፣ ኮሚሽኑንም ጠበቆቹ ወሰዱ። እኔ እንደ ባልደረባቸው ቅር አልተሰኘሁም። በዚያው 2022 ቴክ ቱ የተባለው ኩባንያ ዚንጋን በ12.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ በእርግጥ ዚንጋ ከፖከር ሌላ ብዙ ጨዋታ አለው። ቴክ ቱ የከፈለው በቺፕ አልነበረም።

ከሀገር ቤት የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ። አብዛኛው የባንክ ካርዳችን የሚሠራው በብር ነው፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ደግሞ በዶላር ነው። ውጭ ሀገር የስጦታ ካርድ የሚልክ ዘመድ የሌለው ተጫዋች ከታችኛው ጠረጴዛ ከነሰባቱና ሁለቱ ቀርቷል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል የኖረ ሕዝብ ላሟን በደረሰኝ የመግዛት ዕድል ሲከፈትለት የውጭ ምንዛሪ አጣ። ጉዳዩ በሚመለከታቸው አካላት ሊጤን ይገባል እላለሁ።

የሚቀረው አንድ ምስክር ነው፤ የተቃዋሚዎቼ ዋና ምስክር። በጃንዋሪ 2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ቱማስ ሳንድሆልምና ኖዋም ብራውን፣ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርተው ፒትስበርግ በሚገኝ ካሲኖ ከአራት ምርጥ ባለሙያዎች ጋር አጋጠሙት። 20 ቀን፣ 120 ሺህ እጅ። ፕሮግራሙ ባዶ እጁን ይዞ ሰው ማስፈራራት ሳይቀር ተምሮ አራቱንም አሸነፈ፤ ሲቆጠር 1,766,250 ቺፕ አገኘ። ቺፖቹ ዶላር ተብለው ቢቆጠሩም ማንም አልከፈለውም፤ ባለሙያዎቹ የተካፈሉት ለድካማቸው የተመደበውን 200 ሺህ ዶላር ነው። «ይኸው ችሎታ፣ ይኸው እውነተኛ ውድድር» ይሉኛል።

እንቁጠረዋ። 400 ቢሊዮን ቺፕ 12 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ፣ 100 ሺህ ቺፕ 3 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ ሊብራተስ በ20 ቀን የሰበሰበው 53 ዶላር ያህል ይሆናል። ይህን ይዞ ወደ ስልካችን ቢመጣ በላይኛው ጠረጴዛ ቀርቶ በመሐለኛውም ላይ የሚያስቀምጠው የለም፤ ከአሥር ሰከንድ በፊት ሣጥኑን የገዛ ሰው ይበልጠዋል። ፕሮግራሙ ይሠራ የነበረው ብሪጅስ በተባለ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ነው። አዘጋጆቹ ለሁሉም ነገር አስበው ነበር፤ የባንክ ካርድ ግን አላስመዘገቡበትም።